የጤና ቃላት ምን ይለካሉ?

ለጉባኤዎችና ለጣቢያ ሠራተኞች የቀረበ ጥናት



ከየጣቢያው የሚላከው ዘገባ በጉባኤ ፊት ሲነበብ ሁላችንም ጸጥ ብለን እናዳምጣለን። «በወረዳው አጣዳፊ የምግብ እጥረት ታይቷል፤ ከሕፃናቱ 18 በመቶ የሚሆኑት ቀጭጨዋል፤ አተትም ገብቷል» ይባላል። አዳማጩ ያዝናል፤ ይጸልያል፤ የሚችለውንም ይሰጣል። ነገር ግን ዘገባውን የጻፈው ነርስ በቃሉ ሊናገር የፈለገውና በወንበር ላይ የተቀመጠው ምእመን የሰማው ነገር አንድ ነውን? ብዙ ጊዜ አይደለም። ነርሱ የጻፈው በሜትርና በሚዛን የተለካ ነገር ነው። ምእመኑ የሰማው ግን ከልጅነቱ ጀምሮ በቤቱ ሲነገር የኖረውን ቃል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እንደ ቀላል ነገር ቢቆጠርም፣ የተሳሳተ እርዳታ ወደ ተሳሳተ ቦታ የሚሄደው፣ እናትም የታመመ ልጅዋን «ዳነልኝ» ብላ ወደ ቤት የምትመልሰው በዚሁ ልዩነት ምክንያት ነው።

ስለዚህ በዚህ ጥናት በዘገባዎች ውስጥ ደጋግመው የሚመጡ ጥቂት ቃላትን ወስደን እንመለከታለን። ሁሉንም መዘርዘር መዝገበ ቃላት መጻፍ ይሆናል። እኛ የምንመርጠው በስሕተት ሲሰሙ ጉዳት የሚያደርሱትን ነው። የሚቻል ቢሆን በቅርብ የደረሳችሁን አንድ ዘገባ በእጃችሁ ይዛችሁ አንብቡ።

ረሃብና የምግብ እጥረት

በአማርኛችን ረሃብ ብዙ ሥራ የሚሠራ ቃል ነው። ምሳ ያለፈው ሰው «ራበኝ» ይላል። በ1977 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ የደረሰው እልቂትም ረሃብ ይባላል። ቃሉ ከምሳ መዘግየት አንሥቶ እስከ ሞት ድረስ ስለሚዘረጋ ሐኪም ሊለካበት አይችልም። በዘገባ ውስጥ «የምግብ እጥረት» ተብሎ ሲጻፍ በአብዛኛው የጎተራውን ባዶነት ሳይሆን በልጁ አካል ላይ የታየውን ጉዳት ማለት ነው። ጎተራው ሙሉ በሆነ ቤት ውስጥም የተጎዳ ልጅ ሊገኝ ይችላል። ተቅማጥና ትኩሳት እየተመላለሱ የበላውን ይወስዱበታል፤ ወይም ከትልልቆቹ ጋር ከአንድ ትሪ እየበላ ሳይጠግብ ገበታው ይነሣል፤ ወይም ከእንጀራና ከሽሮ በቀር ለዕድሜው የሚሆን ሌላ ምግብ አይቀርብለትም።

በአካል ላይ የሚታየው ጉዳት ደግሞ ሁለት መልክ አለው፤ ሁለቱም የየራሳቸው ስም አላቸው። አንደኛው መቀጨጭ ነው። ይኸውም ልጁ ለቁመቱ ሊኖረው የሚገባውን ክብደት ሲያጣ ነው። በአጭር ጊዜ ውስጥ የሚመጣ ነው፤ ሰብል በጠፋ በሁለት ወይም በሦስት ወር ውስጥ፣ ከከባድ ሕመምም በኋላ ይታያል፤ ቶሎም ይገድላል። ሁለተኛው መቀንጨር ነው። ይህ ልጁ ለዕድሜው ሊደርስበት የሚገባውን ቁመት ሳይደርስ ሲቀር ነው። የተቀነጨረ ልጅ የግድ ከሲታ አይደለም። ጉንጩ ሞልቶ ሲጫወት ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን የአራት ዓመት ልጅ ሆኖ ሳለ ያላወቀው ሰው የሁለት ዓመት ተኩል ነው ይለዋል። ይህ ጉዳት በማኅፀን ሊጀምር ይችላል፤ የሚጸናውም በአብዛኛው ሁለተኛ ዓመቱን እስኪደፍን ባለው ጊዜ ነው።

ለመሆኑ «ሊኖረው የሚገባው» የሚባለው በምን ይታወቃል? በደኅና ከተመገቡ ጤነኛ ልጆች ተለክቶ የተዘጋጀ ሠንጠረዥ አለ። በሠንጠረዡ ላይ አንድ የወሰን መስመር ተሰምሯል። በደኅና ከሚመገቡት ልጆች መካከል ከዚያ መስመር በታች የሚወርዱት ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ናቸው፤ እነዚህም በተፈጥሮአቸው ቀጭን ወይም አጭር የሆኑ ናቸው። እንግዲህ በአንድ ቀበሌ ከመቶ 18ቱ ለቁመታቸው ከሚገባው ክብደት መስመር በታች ወርደው ከተገኙ፣ የተፈጥሮ ቅጥነት ነው ለማለት አይቻልም። በዓለም አቀፍ መለኪያ የቀጨጩት ከመቶ 15 ሲደርሱ ሁኔታው እጅግ ከባድ ነው ይባላል። የተቀነጨሩት ግን ከመቶ 18 ቢሆኑ ዘገባው ሌላ ነገር ይናገራል፤ የዛሬ ድንገተኛ አደጋ ሳይሆን ለዓመታት የቆየ ችግር ነው ማለት ነው።

ይህን ልዩነት ጉባኤዎች በተለይ ልብ ሊሉት ይገባል። የአደጋ ጊዜ እህልና ዱቄት የሚረዳው በመጀመሪያ የቀጨጨውን ነው። የተቀነጨረው ቁጥር በስድስት ወር እርዳታ አይወርድም፤ ነፍሰ ጡሮችን መመገብ፣ ንጹሕ ውሃ ማስገባት፣ የሕፃናትን አመጋገብ ማስተማር፣ ይህንም ለዓመታት ማካሄድ ይጠይቃል። «ባለፈው ዓመት ያን ያህል ልከን የመቀንጨሩ ቁጥር ለምን አልቀነሰም?» የሚል ጥያቄ አንዳንድ ጊዜ ይመጣል። ጥያቄው ክፋት የለበትም፤ የተጠየቀው ግን ሊንቀሳቀስ የማይችለው ቁጥር ነው።

በጣቢያ ግን ለእያንዳንዱ ልጅ ቁመትና ሚዛን መለካት ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ሠራተኞቻችን «ሙአክ» የሚሉትን የክንድ ዙሪያ መለኪያ ይጠቀማሉ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባለው ልጅ በግራ ክንዱ፣ በትከሻው ጫፍና በክርኑ መካከል እኩል ቦታ ላይ ባለቀለሙ ጥብጣብ ይጠመጠማል። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀይ ነው፤ ጉዳቱም ከፍተኛ ይባላል። ከ11.5 እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው። ጥብጣቡ ሥጋውን ሳይጫን፣ ላልቶም ሳይንጠለጠል መለካት አለበት። በጥቂት ሚሊ ሜትር ስሕተት ልጁ ከቀዩ ወደ ቢጫው ይሸጋገራልና እጅ መቸኮል የለበትም።

በዚህ አጋጣሚ የቆዩ መዝገቦችን ለሚያመሳክሩ ሠራተኞች አንድ ነገር እናሳስብ። የቀዩ ወሰን ቀድሞ 11 ሴንቲ ሜትር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ወደ 11.5 ከፍ እንዲል መከሩ። እንግዲህ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ የተጻፉትን ሁለት ዘገባዎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው «ከፍተኛ ጉዳት የደረሰባቸው ልጆች በዙ» ሊል ይችላል፤ በመንደሩ ግን የተለወጠ ነገር ላይኖር ይችላል። የተለወጠው የቃሉ ወሰን ነው።

ያበጠ ልጅ ወፍራም አይደለም

ከፍተኛ የምግብ እጥረት በሁለት መልክ ይታያል። ማራስመስ የሚባለው ስሙ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን መክሳት፣ እየመነመኑ መሄድ ማለት ነው። ይህን ማንም አይስተውም። የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል፤ የመቀመጫው ቆዳ ይሸበሸባል፤ ፊቱ የሽማግሌ ፊት ይመስላል። እናቲቱም ጎረቤቱም ያውቁታል።

ሁለተኛው ግን ዓይንን ያታልላል። ክዋሽዮርኮር ይባላል። ስሙን በሕክምና መጽሔት ያስገቡት በጃማይካ የተወለዱት ሐኪም ሲሲሊ ዊልያምስ ናቸው። እኒህ ሴት ዛሬ ጋና በምትባለው በጎልድ ኮስት ሲሠሩ ሕመሙን እ.ኤ.አ. በ1933 ገልጠው ጻፉ፤ በ1935ም በአገሬው ስም ጠሩት። ቃሉ በአክራ አካባቢ የሚነገረው የጋ ቋንቋ ነው፤ ትርጉሙም ታናሽ ሲወለድ ከቦታው የሚነሣው ልጅ የሚይዘው ሕመም እንደ ማለት ነው። የአክራ እናቶች የሕመሙን መነሻ በአንዲት ቃል ጠቅልለውት ነበር ማለት ነው። ልጁ ከጡት ይወርዳል፤ የሚተካለትም የበቆሎ ገንፎ ብቻ ይሆናል። ሐኪሟ የእናቶቹን ስም አልናቁም፤ ይህ ጸሐፊ ስለዚህ ነገር ሁልጊዜ ያከብራቸዋል። በአገራችንም ቢሆን በላይ በላይ የወለደች እናት ታላቁ ልጅ እንደሚጎዳባት የማያውቅ መንደር የለም።

የክዋሽዮርኮር ልጅ ያብጣል። እግሩ፣ እጁ፣ በኋላም ፊቱ ይሞላል። ጠጉሩ ይሳሳል፣ ወደ ቀይነትም ያደላል፤ ቆዳው ይላላጣል፤ ይነጫነጫል፤ ምግብ ሲሰጡት ፊቱን ያዞራል። ከሩቅ ለሚያየው ግን ጉንጩ ሞልቷል። እናቲቱ «ከስቶ ነበር፤ አሁን ወፈረልኝ» ትላለች። በሚዛንም ቢወጣ ክብደቱ ላይጎድል ይችላል፤ የሚመዘነው ግን በቆዳው ሥር የተጠራቀመ ውሃ ነው። የክንዱ ጥብጣብም ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ እብጠት የሚመረመረው በዓይን ሳይሆን በአውራ ጣት ነው። ሁለቱን እግሮች ከላይ በኩል ለ3 ሴኮንድ ያህል ተጫኑ፤ ጣታችሁን ስታነሡ ጉድጓዱ በሁለቱም እግሮች ላይ ከቀረ ልጁ እብጠት አለበት፤ ክንዱ የፈለገውን ቢለካም ከፍተኛ የምግብ እጥረት ነው ተብሎ ይመዘገባል። በአንድ እግር ብቻ ከሆነ ሌላ ምክንያት፣ ቁስል ወይም ምታት፣ ይፈለጋል። በመዝገቡ ላይ አንድ የመደመር ምልክት ካያችሁ እብጠቱ በእግር ላይ ብቻ ነው፤ ሁለት ከሆነ ወደ ቅልጥምና ወደ እጅ ወጥቷል፤ ሦስት ከሆነ ፊትን ጨምሮ መላ አካሉን ይዟል ማለት ነው፤ ይህ ልጅ ሳይዘገይ ወደ ሕክምና ተቋም መላክ አለበት።

ቀድሞ ክዋሽዮርኮር የፕሮቲን እጥረት ብቻ ነው ይባል ነበር። ዛሬ ነገሩ ከዚያ የበለጠ የተወሳሰበ መሆኑ ታውቋል። በተግባርም ከዚህ የሚከተለው ትልቅ ጉዳይ አለ፤ በርኅራኄ የሚሠራ ስሕተት ነውና በጥሞና አንብቡት። ክፉኛ የተጎዳን ልጅ በመጀመሪያው ቀን በሥጋ፣ በእንቁላልና በወተት ማጥገብ ሊገድለው ይችላል። ልቡ፣ ጉበቱና ኩላሊቱ ሥራቸውን ቀንሰው ነበር፤ ድንገት ብዙ ምግብና ጨው ሲገባባቸው አይችሉትም። ስለዚህ በተቋም የሚተኛ ልጅ በመጀመሪያ ኤፍ 75 የተባለውን ወተት በጥቂት በጥቂቱ፣ ሌሊትም ጭምር ይጠጣል። ቁጥሩ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 75 ካሎሪ አለው ማለት ነው። ልጁ ሲረጋጋ፣ የምግብ ፍላጎቱም ሲመለስ ወደ ኤፍ 100 ወይም ወደ ለውዙ ቅባት ምግብ ይሸጋገራል።

እንግዲህ በዘገባ ላይ «በመጀመሪያው ሳምንት የ12 ሕፃናት ክብደት ቀነሰ» የሚል ብታነቡ ምን ትላላችሁ? ያልተማረ አንባቢ እርዳታው አልሠራም ይላል። ያበጡ ልጆች ከሆኑ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ክብደት መቀነስ የመዳን ምልክት ነው። የተጠራቀመው ውሃ እየወጣ ነውና። እናቲቱም ይህን አስቀድማ ካልተነገራት «ልጄን አከሱብኝ» ብላ ከጣቢያው አንሥታ ትሄዳለች። እንዲህ አድርገው የሄዱ እናቶች ጥቂቶች አይደሉም፤ ጥፋቱም የእነርሱ አይደለም።

ስለ ለውዙ ቅባት ምግብም ጥቂት እንበል። «ፕላምፒ ናት» በሚል ስም የታወቀው ይህ ምግብ እ.ኤ.አ. በ1996 በፈረንሳይ ሐኪሙ አንድሬ ብሪያንና ሚሼል ሌስካን ያዘጋጁት ነው። ለውዝ፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ቫይታሚንና ማዕድን ይዟል፤ ባለ 92 ግራሙ አንድ ከረጢት 500 ካሎሪ ይሰጣል። ውሃ ስለማይገባበት በቀላሉ አይበላሽም፤ ማብሰያም አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ሌላ ሕመም የሌለበትና የምግብ ፍላጎት ያለው ልጅ በእናቱ ቤት ሆኖ ሊታከም ቻለ። ነገር ግን ስሙ «ምግብ» ስለሆነ ወንድምና እኅት እንዲካፈሉት ይደረጋል፤ በገበያም ሲሸጥ ይታያል። ለእናቶች ስታስረዱ «ይህ ለዚህ ልጅ የታዘዘ መድኃኒት ነው» በሉ። እዚህ ላይ ሁለቱን ቃላት ማቀያየር ልጅ ያድናል።

ድርቀት የቱ ነው?

ተቅማጥ ማለት በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የቀጠነ ሰገራ መውጣት ነው። ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ለስለስ ያለ ሰገራ ደጋግሞ ቢወጣው ተቅማጥ አይባልም። ደም ከተቀላቀለበት ሌላ ስም፣ ሌላም ሕክምና አለው። ከ14 ቀን በላይ ከቆየ ደግሞ የጸና ተቅማጥ ይባላል። እስከዚህ ድረስ የሚያሳስት የለም።

የሚያሳስተው የሚከተለው ነው። ተቅማጥ የሚገድለው ከሰውነት ውሃና ጨው ስለሚያወጣ ነው። ይህን የውሃ መጉደል አንዳንድ ሠራተኞች ከመጽሐፍ ተርጉመው «ድርቀት» ይሉታል። እናቶች ግን ድርቀት የሚሉት የሆድ ድርቀትን፣ ሰገራ አልወጣ ማለትን ነው። «ልጅሽ ድርቀት አለበት» የተባለች እናት ልጅዋ ከጠዋት ጀምሮ ሲያስቀምጠው እያየች ይህን ስትሰማ ሐኪሙ ተሳስቷል ትላለች፤ ወይም የባሰውን ታደርጋለች፣ የሚያስቀምጥ ነገር ትሰጠዋለች። ስለዚህ በጣቢያዎቻችን «የሰውነቱ ውሃ አልቋል» ወይም «የሰውነት ፈሳሽ ማነስ» ቢባል ይሻላል። አነጋገሩ ረዘም ይላል፤ ግን ይገባል።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ልጁ ይጠማዋል፤ ሲሰጡት ይሻማል፤ ይነጫነጫል፤ ዓይኑ ይጎደጉዳል፤ የሆዱ ቆዳ በሁለት ጣት ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ከዚያ ባለፈ ጊዜ ልጁ ይደክማል፤ ለመጠጣት እንኳ አይችልም፤ የተቆነጠጠው ቆዳ ከ2 ሴኮንድ በላይ እንደ ቆመ ይቀራል። ይህ ደረጃ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ይፈልጋልና በቤት የሚጠበቅ አይደለም። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፤ ከላይ ባየነው በቀጨጨው ልጅ ላይ የቆዳው መቆንጠጥ አይታመንም። ቆዳው አስቀድሞም ልል ነው፤ ዓይኑም አስቀድሞ ጎድጉዷል። ለዚህ ልጅ ፈሳሽ የሚሰጠው በተለየ አኳኋንና በጥንቃቄ ነው፤ ስለዚህ ወደሚያውቅ ሰው ይላክ።

በብዙ ቦታ «ሕይወት አድን ንጥረ ነገር» የምንለው ኦ አር ኤስ ስሙን በሥራው ያገኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ የነጻነት ጦርነት ጊዜ ስደተኞች ወደ ሕንድ ሲጎርፉ ኮሌራ ተነሣ። በቦንጋዎን ሆስፒታል ሕሙማን በወለል ላይ ተኝተው ሳሉ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨውና ስኳር በውሃ በጥብጠው በቤተሰብ እጅ እንዲጠጣ አደረጉ። 30 በመቶ ገደማ የነበረው የሞት ቁጥር ከ4 በመቶ በታች ወረደ። የሚያስደንቀው መድኃኒቱ አዲስ መሆኑ ሳይሆን የሚሰጡት እናቶችና ወንድሞች መሆናቸው ነበር።

ነገር ግን ኦ አር ኤስ ተቅማጥን አያቆምም። ይህ በየጤና ትምህርቱ መጀመሪያ መነገር አለበት። የወጣውን ውሃ ይተካል እንጂ ተቅማጡ ለጥቂት ቀናት ሊቀጥል ይችላል። «የተቅማጥ መድኃኒት» ብላችሁ ከሰጣችሁ እናቲቱ በማግሥቱ ሰገራውን አይታ «አልሠራም» ትላለች፣ ትጥለዋለች። «የወጣውን ውሃ የሚመልስ መጠጥ» ካላችኋት ግን ባስቀመጠው ቁጥር ታጠጣዋለች። ከረጢቱ የሚበጠበጠው በላዩ በተጻፈው የውሃ ልክ ነው፤ የ1 ሊትሩን በግማሽ ሊትር ማወፈር ጉዳት አለው። ከረጢት በሌለበት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልክ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል፤ ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ካለ ደፍታችሁ እንደገና በጥብጡ። ጡትም ምግብም አይቋረጥም። ከዚህ ጋር የዚንክ ክኒን ለ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል፤ በጀመረች በሁለተኛው ቀን ተቅማጡ ቢቆምም እናቲቱ ክኒኑን እንድትጨርሰው ንገሯት።

አተት «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» የሚለው ምህጻር ነው። የምልክት ስም ነው፤ ኮሌራ ግን የአንድ የታወቀ ተሕዋስ በሽታ ስም ነው፤ በቤተ ሙከራም ይረጋገጣል። ሠራተኛው በገዛ ግምቱ «ኮሌራ» ብሎ አይጻፍ፤ ያየውን ይጻፍ፣ ናሙናውንም ይላክ። ሆኖም ፈሳሽ ለመስጠት፣ ውሃውን ለማከም፣ መጸዳጃ ለመቆፈር የስሙን መረጋገጥ የሚጠብቅ የለም።

ስለ ቁጥሮች በአጭሩ

ወረርሽኝ ማለት በአንድ ቦታና በአንድ ወቅት ከተለመደው በላይ ሰው ሲታመም ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ስንት?» ሳይሆን «ከወትሮው ስንት?» ነው። በቆላ ወረዳ ከዝናብ በኋላ 50 የወባ ሕሙማን የወትሮ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወባ በማያውቅ ደጋ ግን 5 ሰው መያዙ ያስደነግጣል። አዲስ የታመሙና በሕመም ላይ ያሉም ይለያያሉ። ለኤች አይ ቪ መድኃኒት በመጣበት አገር ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ቁጥር ሊጨምር ይችላል፤ ምክንያቱም አይሞቱም። ይህ የምሥራች እንጂ መርዶ አይደለም።

በስደተኞች ሰፈር የሞት መጠን የሚነገረው በቀን ከ10,000 ሰው ነው። 1 ከደረሰ ሁኔታው የአደጋ ጊዜ ይባላል። ከዚህም የተነሣ «በቀን 2 ሰው ሞተ» የሚል ዘገባ የሰፈሩ ሕዝብ ቁጥር ካልተጻፈበት ምንም አይነግረንም። 60,000 ሰው ባለበት ሰፈር ከአደጋው ወሰን በታች ነው፤ 5,000 ሰው ባለበት ግን ወሰኑን አራት እጥፍ አልፏል። ሠራተኞች ሆይ፣ የሕዝቡን ቁጥር ጻፉ።

ለምጽ፣ ቁምጥና፣ የሥጋ ደዌ

በመጨረሻ በጉባኤዎቻችን ውስጥ ዘወትር የሚነበብ አንድ ቃል እናንሣ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ለምጽ» የሚለው ቃል በዘሌዋውያን 13 እና 14 በሰው ቆዳ ላይ ብቻ አይታይም፤ በልብስ ላይ ይታያል፣ በቤት ግድግዳም ላይ ይወጣል። ግያዝም ከኤልሳዕ ፊት እንደ በረዶ ነጭ ሆኖ ወጣ ተብሏል። እኛ ዛሬ የሥጋ ደዌ የምንለው በሽታ ልብስና ግድግዳ አይዝም፤ ሰውንም እንደ በረዶ አያነጣም። እንግዲህ የጥንቱ ቃል ልዩ ልዩ ነገሮችን በአንድነት ያቀፈ ነበር፤ የአንድ በሽታ ስም አልነበረም።

ዛሬ በየመንደሩ ለምጽ የሚባለው የቆዳው ቀለም እየለቀቀ ነጭ የሚሆንበት ነው። አያሳምምም፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የሥጋ ደዌ ደግሞ ሌላ ነው። ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ተሕዋሱን አገኙት፤ ርግማን ወይም የዘር ጉዳይ አለመሆኑ ያን ጊዜ ታየ። በጉባኤ ውስጥ ሁለቱ ቃላት ሲደባለቁ ሁለት ሰው ይጎዳል። ፊቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ወጣት ስብከት ሲሰማ ያልያዘው በሽታ ይጫንበታል። የሥጋ ደዌ የጀመረው ሰው ደግሞ «የኔ እንደ በረዶ አልነጣም» ብሎ ሳይታከም ይቀራል። ቁምጥና የሚለውንስ ተዉት፤ በዘገባም በስብከትም አይግባ። የስድብ ቃል ሆኗልና የታመመው ሰው እንዳይጠራበት ሲል ሕመሙን ይደብቃል።

የሥጋ ደዌ መጀመሪያ ምልክት ስሜት የሌለው ቦታ ነው። ከቀረው ቆዳ ነጣ ወይም ቀላ ያለ ነው፤ አያሳክክም፤ ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ በጥጥ ጫፍ ቢነኩት አያውቀውም። እ.ኤ.አ. በ1981 የዓለም ጤና ድርጅት ልዩ ልዩ መድኃኒቶችን በአንድነት መስጠትን መከረ፤ ከ1995 ጀምሮም መድኃኒቱ ለሕሙማን በነጻ ይሰጣል። እንደ ሕመሙ ዓይነት 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል፤ ከተጀመረም በኋላ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሕመሙ ወደ ሌላ መተላለፉ ይቆማል። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው አለርት ለዚህ ሕክምና ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ባለ ሙያዎችን አሠልጥኗል።

አሁን ወደ መዝገቡ እንመለስ። በአንድ ጣቢያ «የሥጋ ደዌ ሕሙማን 40» ተብሎ ተጽፎ ቢገኝ እነማን ናቸው? በዓለም ጤና ድርጅት አገላለጥ ሕመምተኛ የሚባለው ገና ሕክምና የሚያስፈልገው ነው። ከሃያ ዓመት በፊት መድኃኒቱን ጨርሶ ጣቶቹን ግን ያጣ ሽማግሌ ሕመምተኛ አይደለም፤ የዳነ ሰው ነው። አብሮት በአንድ ማዕድ የሚቀመጥ ሰው ከእርሱ የሚፈራው ነገር የለም። በትምህርት ቤት ያለው፣ እጁም እግሩም ሙሉ የሆነ፣ ጀርባው ላይ ግን የደነዘዘ ምልክት ያለበት ልጅ ሕመምተኛ ነው። ስለዚህ መዝገቡ ሁለት ዓምድ ይኑረው፤ «በሕክምና ላይ ያሉ» እና «ሕክምና የጨረሱ» ተብሎ ይከፈል። ለልጁ ክኒኑ በየወሩ ሳይቋረጥ እንዲደርሰው ያስፈልጋል። ሽማግሌው ክኒን አይፈልግም፤ የሚያስፈልገው ወፍራም ሶል ያለው፣ ሚስማር የሌለበት ጫማ ነው፤ እግሩ ስለማይሰማውም እሾህ ወይም ቁስል እንዳይኖር ማታ ማታ መብራት ይዞ እግሩን የሚያይለት የቤት ሰው ነው።